ሳይታሽ የሚጋገር ዳቦ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዳቦ ነው። «ዳቦ መጋገርንማ እኛ እናስተምራችሁ እንጂ እናንተ እኛን ልታስተምሩን ነው እንዴ?» የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። እውነታችሁን ነው። ድፎን በኮባ ጠቅልሎ፣ ከታችም ከላይም እሳት ሰጥቶ፣ ሳያርርና ጥሬ ሳይቀር ማውጣት ትልቅ ሙያ ነው። ሙያው የእናንተ ነው። እኛ የመጣነው ስለ አንድ ነገር ብቻ ልንነግራችሁ ነው። እርሱም ሊጥ ስለ ማሸት ነው።

ዳቦ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ድካሙ ነው። ሊጡ ገበታ ላይ ይሆናል። እናትየዋ ትንበረከካለች። በሁለት እጇ እየተጫነች፣ እየገለበጠች፣ እንደገና እየተጫነች ታሻለች። ክንዷ ይዝላል፤ ወገቧ ይቆረጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ውኃ ከተቀዳ፣ እንጨት ከተለቀመ፣ ላም ከታለበች፣ ልጅ ከታጠበ በኋላ ነው። ስለዚህ በብዙ ቤት ዳቦ የበዓል ምግብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስንዴው ጎተራ ውስጥ አለ። ልጆቹ ግን ዳቦ የሚያዩት ለቡሄ፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ሠርግ ሲኖር ነው። በአዘቦት ቀን ቂጣ ይበቃቸዋል ይባላል።

ሌላም ነገር አለ። ማታ ማታ ወደ ንባብ ትምህርት የሚመጡ እናቶች አንዳንድ ጊዜ ትምህርቱ ሳያልቅ ይነሣሉ። «እናቴ፣ ወዴት ነው?» ሲባሉ «ሊጥ አለብኝ» ይላሉ። ፊደል ቆጥራ፣ ቃል ገጣጥማ፣ ንባብ ላይ የደረሰች እናት በሊጥ ምክንያት ወደ ኋላ ስትቀር ማየት ያሳዝናል። ታዲያ ሊጡ ራሱን በራሱ ቢያሽስ? ይህ ቀልድ አይደለም። የሚሆን ነገር ነው።

ሊጥ ለምን እንደሚታሽ እስቲ እንመልከት። «እናቶቻችን ሲያሹ ስላየን ነው» ብንል ምክንያት አይሆንም። ምክንያቱ ያለው ስንዴው ውስጥ ነው። በስንዴ ዱቄት ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ገንቢ ምግብ አለ። ዱቄቱ ደረቅ ሳለ ይህ ነገር ተበታትኖ የተኛ ነው። ውኃ ሲያገኝ ግን እርስ በርሱ ይያያዛል፤ እንደ ጅማትም ይሳባል። የሳይንስ ሰዎች ግሉተን ይሉታል። እኛ የሊጥ ጅማት እንበለው። በልጅነታችን ጥሬ ስንዴ አኝከን አኝከን ማስቲካ ያደረግን ስንቶቻችን ነን! ያ ማስቲካ የሊጡ ጅማት ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ትንሽ የስንዴ ሊጥ ይያዝና በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ይጠበው። ነጩ ታጥቦ ይሄዳል። እጅ ላይ የሚሳብ ነገር ይቀራል። የጤፍ ሊጥ እንዲህ ቢታጠብ ሁሉም ከውኃው ጋር ይሄዳል።

ማሸት ማለት ይህን ጅማት ቶሎ ማያያዝ ማለት ነው። «ቶሎ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። እናትየዋ በጉልበቷ የምትገዛው ጊዜ ነው። ዛሬ አቡክቶ ዛሬ ለመጋገር ከሆነ ማሸት የግድ ነው። ጊዜ ካለ ግን ጅማቱ ያለ ጉልበት ይያያዛል። የሚፈልገው በቂ ውኃና አንድ ሌሊት ነው።

ቤት የሠራችሁ አባቶች ይህን ነገር በሌላ መንገድ ታውቁታላችሁ። የግድግዳ ጭቃ ከጭድ ጋር እንደተቦካ ወዲያው አይለጠፍም። ጥቂት ቀን ያድራል። ሲያድር አፈሩ ውኃውን በደንብ ይጠጣል፤ ጭዱም ይለሰልሳል። ትናንት እምቢ ብሎ ይፈርስ የነበረው ጭቃ ዛሬ እጅ ላይ ይታዘዛል። ማን አሸው? ማንም አላሸውም። ውኃውና ጊዜው ናቸው የሠሩት። የስንዴ ሊጥም እንደዚሁ ነው።

ሊጥ ግን ከጭቃ የሚበልጥበት ነገር አለ። ሊጥ ውስጥ እርሾ አለ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ለብቻቸው በዓይን የማይታዩ፣ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ፍጥረቶች ናቸው። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ዓመታት መጠጥ የሚፈላው በእነዚህ ሕያዋን ሥራ መሆኑን በምርምር አሳይቷል። እርሾ በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር ይበላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየርም ያወጣል። አየሩ ልውጣ ብሎ ሲገፋ የሊጡ ጅማት ይይዘዋል። ሊጡም እንደ ፊኛ ይነፋል። ሲነፋ ጅማቱ ይሳባል፤ ይዘረጋል፤ ይጠነክራል። እንግዲህ እናንተ ተኝታችሁ ሳለ እርሾው ከውስጥ ሆኖ ያሽላችኋል ማለት ነው።

እንጀራ ለምን ዓይን እንደሚያወጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የጤፍ ሊጥ አየሩን የሚይዝበት ጅማት የለውም። ስለዚህ ምጣዱ ላይ አየሩ ሽቅብ ወጥቶ ይሄዳል። የወጣበት ቀዳዳ ዓይን ሆኖ ይቀራል። ዳቦ ግን አየሩን ሆዱ ውስጥ ይዞት ይበስላል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሳይታሽ የሚጋገር ዳቦ በሩቅ አገርም የታወቀ ነው። በ1999 ዓ.ም. ጂም ላሂ የተባለ በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ የሚኖር ዳቦ ጋጋሪ አሠራሩን ኒው ዮርክ ታይምስ በሚባለው ጋዜጣ ላይ አሳወቀ። ጥቂት እርሾ፣ ብዙ ውኃና ረጅም ጊዜ ብቻ ነው። ሊጡ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ያድራል። ከዚያም ክዳን ባለው፣ በደንብ በጋለ ወፍራም ድስት ውስጥ ይጋገራል። በዚያ አገር ብዙ ሰው ተገርሞ ሞከረው። ክዳኑ የሚያስፈልገው ከሊጡ የሚወጣውን እንፋሎት አፍኖ እንዲይዝ ነው። እንፋሎቱ የዳቦውን ቆዳ ለጥቂት ጊዜ ያለሰልሰዋል፤ ዳቦውም ሳይሰነጠቅ ያድጋል። እኛ ይህን ስንሰማ ፈገግ ነው ያልነው። ኮባው ምን ሊሠራ ኖሯል? ምጣዱስ ለምን ይከደን ኖሯል? የእኛ እናቶች እንፋሎት ማፈንን ከጥንት ጀምረው ያውቁታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ስንዴው።

ስለ ስንዴው አንድ ከባድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ለዘር ተብሎ የተሰጠ፣ መድኃኒት የተቀባ ስንዴ ፈጽሞ አይፈጭም። በ1964 ዓ.ም. በኢራቅ አገር የሆነውን ስሙ። በዚያ ድርቅ ነበረና መንግሥት ከውጭ አገር ብዙ የዘር ስንዴ አስመጣ። ስንዴው ሻጋታ እንዳይዘው ሜርኩሪ ባለበት መርዝ የታሸ ነበር። ለምልክት ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከረጢቱ ላይም ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ነገር ግን ጽሑፉ በስፓኝና በእንግሊዝ ቋንቋ ነበር። ገበሬው ሊያነበው አልቻለም። በአንዳንድ ቦታ ስንዴው የደረሰው የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር። ቤተሰብ ርቦታል፤ ስንዴ ደግሞ እጁ ላይ አለ። ብዙዎች ቀለሙን በውኃ አጠቡት። ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መሰላቸው። ፈጭተው ዳቦ ጋገሩ። ዳቦው መልኩም ጣዕሙም ምንም አልነበረውም። ሕመሙም ወዲያው አልመጣም። ሳምንታት ቆይቶ እጅና እግር ይደነዝዝ፣ ዓይን ይጨልም ጀመር። ሆስፒታል ከገቡት 6,530 ሰዎች 459 ሞቱ። ይህ በመዝገብ የተጻፈው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከረጢት ላይ ጽሑፍ ካያችሁ አንብቡ። የማታውቁት ቋንቋ ከሆነ የሚያነብ ፈልጉ። የራስ ቅልና አጥንት ከተሳለበት ግን ምንም ማንበብ አያስፈልግም፤ ለምግብ አይሆንም። ቀለም የተቀባ እህል ቢታጠብም ቢቀቀልም ያው ነው። ለዶሮም አትስጡት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካንም ለውኃ፣ ለዱቄትና ለሊጥ አይሁን። አሥር ጊዜ ቢታጠብ አይነጻም።

ስንዴው ንጹሕ ከሆነ ይለቀም፤ ይፈጭ። ነፍቶ ፉርሽካውን ማውጣት እንደ ቤቱ ነው። እኛ ግን ባይነፋ እንመርጣለን። ብረት የሚባለው ደም የሚሠራ ንጥረ ነገር አብዛኛው ያለው በፉርሽካው በኩል ነው። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ይጠቅማል። ባልተነፋ ዱቄት ውስጥ ብረቱን አስሮ የሚይዝ ነገር አለ። ሊጡ በእርሾ ሲያድር ማሰሪያው ይላላል፤ ሰውነትም ብረቱን የበለጠ ያገኛል። ቂጣ ይህ ጥቅም የለውም፤ ሳያድር ይጋገራልና።

መጠኑን ጻፉት። 8 ብርጭቆ ዱቄት፣ 3 ብርጭቆ ውኃ። 8 ለ3 ብላችሁ ያዙት። ብርጭቆ ከሌለ ስኒ ይሁን፤ ስኒ ከሌለ ጣሳ ይሁን። ዱቄቱና ውኃው በአንድ ዕቃ ከተሰፈሩ ሒሳቡ አይበላሽም። ዱቄቱ ካልተነፋ ፉርሽካው ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ጨምሩ። በውኃ ብርጭቆ የተሰፈረ 8 ብርጭቆ ዱቄት አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይበቃል። የሱቅ ደረቅ እርሾ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው። «ይህቺ ምን ታደርጋለች?» አትበሉ። ሌሊቱን ሙሉ ስትራባ ታድራለች። የቤት እርሾ ከሆነ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይሁን። ጥቁር አዝሙድ የሚወድ ይጨምር።

ማታ ራት ከተበላ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ውኃው ለብ ይበል። ጣት ሲገባበት ማቃጠል የለበትም። የፈላ ውኃ እርሾውን ይገድለዋል፤ የሞተ እርሾ ደግሞ አያስነሣም። እርሾውን በውኃው በጥብጡት። ዱቄቱንና ጨውን ቡሃቃው ውስጥ ቀላቅሉ። ከዚያ ውኃውን አፍስሱና በማማሰያ አማስሉት። ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ድረስ ነው እንጂ እስኪለሰልስ ድረስ አይደለም። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሊጡ የሚጣበቅ፣ መልኩ ያላማረ፣ ጓል ጓል ያለ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ብዙ እናቶች የሚጨነቁት። እጃቸው ይበላቸዋል፤ እንሽው ይላሉ። ተዉት! ዱቄትም አትጨምሩበት። ክደኑትና ሂዱ። መጽሐፍ ያለው መጽሐፉን ያንሣ፤ የደከመው ይተኛ።

ጠዋት ስትከፍቱት ሊጡ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ወደ እጥፍ ገደማ ነፍቷል፤ ከላይ አረፋ አረፋ ይላል፤ ጎኑን ስታነሡት ይሳባል። ትናንት እንዲህ አልነበረም። ሆኖም ሌሊቱ በሁሉም አገር አንድ አይደለም። በደጋ ብርድ ስላለ እስከ ረፋድ ሊቆይ ይችላል። እዚያ ቡሃቃውን ምድጃው አጠገብ ማሳደር ነው፤ አጠገብ እንጂ ላዩ ላይ አይደለም። በቆላ ግን አምስት ስድስት ሰዓት ይበቃዋል። ስለዚህ የቆላ ሰው ለሊጡ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠቀም፤ እርሾውንም በግማሽ ይቀንስ፤ ወይም ሌሊት ሲነጋጋ አቡክቶ ረፋድ ላይ ይጋግር። ሰዓት አትከተሉ፤ ሊጡን ተከተሉ።

አሁን እጃችሁን በውኃ አርጥቡና የሊጡን ዳርቻ አንሥታችሁ ወደ መካከል እጠፉት። በአራቱም ጎን አንድ አንድ ጊዜ ይበቃል። የማሸት ሥራችሁ ይህቺ ብቻ ናት። ከዚህ በፊት ግን የእንቁላል ያህል ሊጥ ቆርሳችሁ ለሚቀጥለው እርሾ አስቀምጡ። ይህን የረሳ ሰው ጎረቤት ይለምናል።

የኮባ ቅጠል እሳት ላይ ገረፍ አድርጋችሁ አለስልሱትና ምጣድ ላይ አንጥፉት። ኮባ በሌለበት አገር የሙዝ ቅጠል ይሆናል። እርሱም ከሌለ ዘይት የተቀባ ወፍራም ድስት ነው። ሊጡን ገልብጡበት፤ በቅጠል ሸፍኑት፤ እስኪነሣ አንድ ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ እሳቱ ይምጣ።

ስለ እሳት እናንተን ማስተማር ድፍረት ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ እንበል። ዳቦ የሚበስለው በፍም እንጂ በነበልባል አይደለም። ነበልባል ቆዳውን አሳርሮ ሆዱን ጥሬ ያስቀረዋል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ምጣዱ አስቀድሞ ግሏል። የእንጀራው ተራ ሲያልቅ እንጨቱን አውጥታችሁ በቀረው ፍም ላይ ዳቦውን ብትደፉት ለዳቦ ተብሎ ሌላ ሸክም እንጨት አይለቀምም። ያን ቀን ሊጡ በሌላ ዕቃ ላይ፣ በቅጠሉ እንዳለ ይነሣና ወደ ምጣዱ ይዛወራል። ከላይ በምጣድ ወይም በቆርቆሮ ክደኑት፤ በክዳኑም ላይ ፍም አድርጉ። የአንድ ኪሎ ዳቦ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። መብሰሉን ለማወቅ ገልብጣችሁ ሆዱን በጣት አንኳኩ። እንደ ባዶ ቅል ድም ካለ በስሏል። ድፍን ድምፅ ከሰጠ መልሱት።

ሲወጣ ልጆች ይከቡታል። ትኩሱን መቁረስ ደስ ይላል፤ ግን ጥቂት ይቆይ። ትኩስ ዳቦ ውስጡ ገና እየበሰለ ነው። ወዲያው ከተቆረሰ እንፋሎቱ አምልጦ ሆዱ ጭቃ ይሆናል። ምጣድ ላይም አይቆይ፤ ወዙ ከሥር ያረጥበዋል። አየር በሚያገኝ ሰፌድ ላይ ይሁን።

አሁን ደግሞ ወደ ሰው አፍ እንምጣ። «ይህ የሰነፍ ዳቦ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ያልታሸ ዳቦ ያቀረበች ሴት ባለሙያ አይደለችም ሊባል ይችላል። ሴት በገበታ ላይ ባፈሰሰችው ላብ መጠን የምትመዘንበት ልማድ በየቤቱ አለ። እኛ ይህን አንቀበልም። እርሻውን በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ በዶማ አልቆፈርክም ተብሎ ሰነፍ ይባላል ወይ? አይባልም። ዳቦውን ቁረሱና ቅመሱ። ካልጣፈጠ ያን ጊዜ ስም አውጡለት። ለሠርግና ለበዓል እንደ ወጉ ታሽቶ ይደፋ ካላችሁም ይሁን፤ ወግ የራሱ ክብር አለው። እኛ የምንናገረው ስለ አዘቦቱ ዳቦ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይዞት ስለሚሄደው ቁራሽ ነው።

አባቶችም እዚህ አላችሁ። ዱቄት ከውኃ ጋር በማማሰያ ማማሰል ጢም ያላቸውን ሰዎች አይጎዳም። ሚስት ታማ የተኛች ቀን ልጆች ቆሎ ብቻ በልተው የሚያድሩበት ቤት አለ። 8 ለ3 የሚለውን የሚያውቅ አባት ግን ማታ በጥብጦ ጠዋት መጋገር ይችላል። ወንድ ልጆቻችሁም ከአሁኑ ይልመዱት።

ብዙ ጊዜ የምንጠየቃቸው ጥያቄዎች አሉ። «ሊጡ ምጣድ ላይ ጠፍጥፎ ቀረ፤ ምን ሆነ?» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ስላደረ ነው። እርሾው ምግቡን ጨርሷል፤ ጅማቱም ደክሟል። ኃይለኛ የሆምጣጤ ሽታ ይኖረዋል። አትድፉት፤ ስስ አድርጋችሁ ጋግሩት፤ ይበላል። ሌላ ጊዜ ግን ቀደም ብላችሁ ጋግሩ። «ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ይቻላል?» አዎን። ከአራት እጅ አንዱ የገብስ ወይም የበቆሎ ዱቄት ቢሆን ዳቦው ይነሣል። ከዚያ ከበዛ ጅማቱ ስለሚያንስ ዳቦው ይከብዳል፤ ይፈረፈራል። «የሻገተውን ፍቀን ብንበላውስ?» አይሆንም። የሚታየው ላዩ ብቻ ነው፤ ሻጋታ ሥሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል።

«ለልቅሶ ወይም ለንግሥ ሩቅ አገር ስንሄድ እርሾው ይበላሽብናል» የሚሉም አሉ። ለዚህ መላ አለው። ያስቀመጣችሁትን እርሾ በብዙ ደረቅ ዱቄት እሹት። እንደ ፍርፋሪ እስኪሆን ድረስ በእጅ ፈትጉት። በንጹሕ ጨርቅ ላይ በትናችሁ በጥላ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ አይሁን። ሲደርቅ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ እርጥበት በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ሳምንታት ቢቆይ አይሞትም። ስትመለሱ አንድ ጭብጥ ፍርፋሪ ለብ ባለ ውኃ በጥብጡ፤ ጥቂት ዱቄት ጨምሩበት፤ ክደኑት። በማግሥቱ አረፋ ሲያወጣ ታገኙታላችሁ። ካላወጣ አንድ ቀን ጨምሩለት።